ባት ውስጥ የታጠፈ 55 ኪሎ ሜትር

ከድሬዳዋ ሐረር በአስፋልት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ካለችው ከተማ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ 1,885 ሜትር ላይ ሐረር ይገባል። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ዳገት ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ባቡሩን ተራራ ማስወጣት ወጪው የማይቀመስ ሆኖ ሲገኝ፣ ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች።

ያንን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው በየእርምጃው ሰውነቱን ሽቅብ የሚገፋው ባቱ ነው። ባት አንድ ጡንቻ አይደለም፤ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ ከጉልበት በታች በእግር ውስጠኛ ጎን ጉብ ብሎ የሚታየውን ብቻ መውሰድ ይበቃል። በ1955 እ.ኤ.አ. ፋይንስታይንና ባልደረቦቹ የዚህን ጡንቻ ክሮች ቆጥረው ውጤቱን አሳተሙ። ቁጥሩ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የአንዱ ክር ርዝመት በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 20 ክር ጎን ለጎን ሲደረደር 1 ሚሊ ሜትር ይሞላል።

እነዚህ ክሮች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ 1,100,000 ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 5,500,000 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ይህ 55 ኪሎ ሜትር ነው። ከድሬዳዋ ሐረር የሚያደርስ ክር ከሩብ ኪሎ በማያልፍ ሥጋ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

ይኸው ሥጋ ነው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው። የተኛው ሰው ይንጠራራል፤ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች ይቀሰራሉ፤ ባቱ ያጥራል። በዚያው ቅጽበት ጡንቻው ይጠጥራል፣ ከቆዳው ሥር ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ባለቤቱ ቢያዘውም አይፈታም። ስፖርተኞች ክራምፕ ያዘኝ ይላሉ፤ ሌላው ሰው ባቴ ተሸማቀቀ ይላል። ብዙውን ጊዜ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ የቦታው ሕመም ግን እስከ ማግስቱ ሊሰማ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ያውቀዋል። ከነፍሰ ጡሮች መካከል ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ይደርስባቸዋል። ረጅም ርቀት ሯጮችና ብስክሌተኞች ውድድር አቋርጠው መንገድ ዳር ባታቸውን ይዘው የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው።

በዚያች ደቂቃ በባቱ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሚንቀሳቀስ ለማየት አንዱን ክር መሰንጠቅ ያስፈልጋል። 0.05 ሚሊ ሜትር በምትወፍረው ክር ውስጥ ከ1,000 በላይ ቀጫጭን ዘንጎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የአንዱ ዘንግ ውፍረት 1 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሁሉንም ክሮች ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ለመቀጠል የሐረር መንገድ አንድ ጊዜ አይበቃም፤ 1,000 ጊዜ ያስፈልጋል። 55,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

ዘንጉ ደግሞ ወጥ አይደለም። ሳርኮሜር በሚባሉ ቁርጥራጮች የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። አንድ ሳርኮሜር 2.5 ማይክሮ ሜትር ያህል ይረዝማል። 5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክር ርዝመት ላይ 20,000 ሳርኮሜር ይሰለፋል። 20,000ው በ1,000 ዘንግ፣ ያ ደግሞ በ1.1 ሚሊዮን ክር ሲባዛ 22 ትሪሊዮን ይመጣል። ይህ ለአንድ እግር፣ ከባቱም ለሦስት ክፍሎች ለአንዱ ብቻ የወጣ ቁጥር ነው።

መሸማቀቅ የሚባለው ድርጊት የሚፈጸመው በእነዚህ ሳርኮሜሮች ውስጥ ነው። በአንዱ ሳርኮሜር መካከል ማዮሲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ብዙ መቶ ወፍራም ክሮች አሉ። ከግራና ከቀኝ አክቲን ከሚባለው ፕሮቲን የተሠሩት ቀጭኖቹ ገብተው በመካከላቸው ይሰገሰጋሉ። ከእያንዳንዱ ወፍራም ክር 300 ያህል ራሶች ተቀስረው ወጥተዋል። ራሱ ቀጭኑን ክር ይይዛል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ከ5 እስከ 10 ናኖ ሜትር ያህል ይጎትታል፣ ይለቃል፣ ቀና ይልና እንደገና ይይዛል። 10 ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶ ሺህኛ ነው። በአንድ ሳርኮሜር ውስጥ 400 ወፍራም ክር አለ ቢባል 120,000 ራስ ይሆናል። በ22 ትሪሊዮን ሳርኮሜር ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ትሪሊዮን ያልፋል፤ በአኃዝ ሲጻፍ ከ2 በኋላ 18 ዜሮ ይከተላል።

የእነዚህ ሁሉ ጉተታ ድምር በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው። አንዱ ሳርኮሜር ከ2.5 ወደ 2 ማይክሮ ሜትር ሲያጥር የሚቀንሰው ግማሽ ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። 20,000 ሳርኮሜር በተርታ ሲያጥር ግን ግማሽ ማይክሮ ሜትሩ 10,000 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ይህም 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ጡንቻው ይህችን 1 ሴንቲ ሜትር ለማሳጠር የሚያወጣው ኃይል ቀላል አይደለም። የአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የጡንቻ ክር 25 ኒውተን ገደማ ይስባል። የ1.1 ሚሊዮኑ ክሮች ወርድ ሲደመር 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ ሙሉ ኃይሉ 500 ኒውተን ይሆናል፤ 50 ኪሎ ግራም ለማንሣት የሚበቃ ኃይል ነው። በክራምፕ ጊዜ ይህ ኃይል የሚያነሣው ሸክም የለም፤ ራሱን ጡንቻውን ይጨምቃል።

ራሶቹ የሚንቀሳቀሱበት ነዳጅ ኤቲፒ ይባላል። በአንድ ሰው ጡንቻዎች ሁሉ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ኤቲፒ ከ100 ግራም አይበልጥም። በሙሉ ጉልበት ለሚሠራ ጡንቻ ይህ የጥቂት ሰከንድ ስንቅ ነው። ስለዚህ የተሰበረው ኤቲፒ ወዲያው እየተጠገነ ይመለሳል፤ በሰውነት ውስጥ በአንድ ቀን እየተሰበረና እየተጠገነ የሚዞረው ኤቲፒ ሲደመር 40 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ኤቲፒ ለመጎተት ብቻ ሳይሆን ለመልቀቅም ያስፈልጋል። የማዮሲን ራስ ከያዘው ክር የሚላቀቀው አዲስ ኤቲፒ ሲያገኝ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ሬሳው የሚደርቀው ነዳጁ አልቆ ራሶቹ እንደያዙ ስለሚቀሩ ነው።

ከዚህ በመነሣት ክራምፕም የነዳጅ ማለቅ ነው ማለት ይቻል ነበር። የኤሌክትሪክ መለኪያ ግን ሌላ ይናገራል። በ1951 እ.ኤ.አ. ብራያን ማክአርድል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጡንቻው የተከማቸውን ስኳር መጠቀም የማይችል በሽተኛ መርምሮ ሪፖርት አወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሠራ ጡንቻው ነዳጅ ያጥረውና ተጨብጦ ይቀራል፤ በጡንቻው ውስጥ መርፌ ገብቶ ሲለካ ግን የኤሌክትሪክ ምልክት የለም። በተራው ክራምፕ መርፌው ሲገባ ምልክቱ ይንጫጫል። የመጀመሪያው ጡንቻ ታዞ ሳይሆን ተይዞ ነው የቀረው። ሁለተኛው እየታዘዘ ነው።

ለሞቃት አገር ሰው ቅርብ የሆነው ማብራሪያ ላብና ጨው ነው። በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል። በሙቀት የሰው ቆዳም 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩና ቆዳው እኩል ሲሞቁ ከሰውነት ወደ አየር የሚሻገር ሙቀት አይኖርም፤ የሚቀረው መውጫ የላብ መትነን ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ በቆዳው ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች ተዘጋጅተዋል። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ሲሚንቶ የሚያራግፍ ወይም ድንጋይ የሚፈልጥ ቢሆን፣ ሰውነቱ 400 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። በሰዓት 1.44 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህን ለማስወጣት በሰዓት 0.6 ሊትር፣ በ8 ሰዓት 4.8 ሊትር ላብ መትነን አለበት። አንድ ሊትር ላብ በአማካይ ወደ 1 ግራም ሶዲየም ይይዛል። በቀኑ መጨረሻ 4.8 ግራም ሶዲየም ሄዷል፤ በገበታ ጨው ሲመነዘር 12 ግራም ነው። 60 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው ውስጥ ያለው ሶዲየም በሙሉ ከ80 እስከ 90 ግራም ይሆናል። በአንድ ቀን ከ5 እስከ 6 በመቶው በላብ ወጣ ማለት ነው። ይህን የሚመልሰው እንጀራና ወጡ ነው።

ካልተመለሰ የሚሆነው ነገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተመዝግቧል። በ1923 እ.ኤ.አ. ሞስ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ በሙቀት የሚሠሩ ቆፋሪዎች ንጹሕ ውሃ ብቻ እየጠጡ በክራምፕ እንደሚወድቁ፣ በውሃው ላይ ጨው ሲጨመር ግን ችግሩ እንደሚቀል ገለጸ። በ1931 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሁቨር ግድብ ግንባታ ሲጀመር የሸለቆው ሙቀት በበጋ ወደ 49 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የድካም ጥናት ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ1932 እ.ኤ.አ. ወደ ስፍራው ሄደው ሠራተኞቹን መረመሩ። እነሱም ያገኙት የጨው እጥረት ነበር። እንዲህ ያለው የሙቀት ክራምፕ በአንድ ባት አይወሰንም፤ ከእግር ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ሆድ ይዛወራል።

ከላብ በባሰ ፍጥነት ጨው የሚያሳጣው ኮሌራ ነው። በጠና የታመመ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊወጣው ይችላል፤ የእግርና የሆድ መኮማተር ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ሕይወት አድን በሚባለው ንጥረ ነገር አንድ ሊትር ውስጥ የሚገባው ሁሉ ተመዝኖ የተወሰነ ነው፤ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ሲትሬት፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ። በድምሩ 20.5 ግራም ነው። እዚህ ላይ ጨው መድኃኒት መሆኑ አያከራክርም።

ተኝቶ በነበረ ሰው ወይም 40 ኪሎ ሜትር በሮጠ አትሌት ላይ ግን ስሌቱ አይገጥምም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን በየዓመቱ የሚካሄደው የሁለቱ ውቅያኖሶች ሩጫ 56 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሞላ ጎደል የድሬዳዋና የሐረር ርቀት። ሽዌልነስና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዚህ ውድድር ክራምፕ የያዛቸውን 21 ሯጮችና ያልያዛቸውን 22 ሯጮች ደም አነጻጸሩ። ባልያዛቸው ሰዎች ደም አንድ ሊትር ውስጥ 142.3 ሚሊ ሞል ሶዲየም ነበር። በያዛቸው 139.8 ሆነ። ልዩነቱ 2.5 ሚሊ ሞል ነው፤ በግራም ሲመነዘር በሊትር 0.06 ግራም ያህል። ጤናማ የሚባለው ልክ ከ135 እስከ 145 ስለሆነ ሁለቱም ወገን በልኩ ውስጥ ናቸው። በሰውነታቸው የውሃ ጉድለትም የጎላ ልዩነት አልታየም።

ከዚህ በላይ የሚመዝነው ክርክር የቆጠራ ጉዳይ ነው። በሰው አካል ውስጥ ከ600 በላይ ጡንቻዎች አሉ። ደም ሁሉንም ያዳርሳል፤ የደሙ ጨው ቢቀንስ ለሁሉም ይቀንሳል። ሌሊት የሚሸማቀቀው ግን አንዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባት፣ አለዚያ የእግር መዳፍ ወይም ጭን፣ እሱም የአንድ ወገን። ከ600 አንዱን የሚመርጥ ነገር በደም ውስጥ ሳይሆን ወደዚያ ጡንቻ ብቻ በሚሄድ መሥመር ላይ መፈለግ አለበት። ያ መሥመር ነርቭ ነው።

እስካሁን ሲያድጉ የመጡት ቁጥሮች እዚህ ላይ ያሽቆለቁላሉ። ፋይንስታይንና ባልደረቦቹ 1.1 ሚሊዮኑን ክሮች የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሶችም አስልተው ነበር፤ 579 ሆኑ። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሶች አሉ። 55 ኪሎ ሜትር ክር፣ 22 ትሪሊዮን ሳርኮሜር፣ 2 ሚሊዮን ትሪሊዮን የማዮሲን ራስ የሚያዙት ግን 600 እንኳ አይሞሉም። ለአንዱ ሕዋስ በአማካይ 1,934 ክሮች ይደርሱታል፤ እሱ ሲተኩስ ሁሉም አብረው ይጎትታሉ፣ እሱ ዝም ሲል ሁሉም ይለቃሉ።

እነዚህ ሕዋሶች ያሉት በባት ውስጥ አይደለም፤ ከወገብ በላይ፣ በሕብለ ሰረሰር ታችኛ ጫፍ ነው። የሕዋሱ አካል ስፋት ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከእሱ የሚወጣው ገመድ ግን በዳሌና በጭን ወርዶ ባት እስኪደርስ 1 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሕዋሱ ስፋት 10,000 እጥፍ። የሕዋሱ ሽፋን ውፍረት 7 ናኖ ሜትር ገደማ ሲሆን ከውስጥና ከውጭ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት 70 ሚሊ ቮልት ያህል ነው። 70 ሚሊ ቮልት ኢምንት ነው፤ በ7 ናኖ ሜትር ሲካፈል ግን በሜትር 10 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። አየር ተሰንጥቆ ብልጭታ የሚፈጠረው በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ላይ ነው።

ትዕዛዙ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል እየሮጠ 1 ሜትሩን በ20 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል። በገመዱ ጫፍ፣ ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት 50 ናኖ ሜትር ክፍተት ላይ፣ ቢያንስ 20 ጥቃቅን ከረጢቶች ይፈነዳሉ። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ከ5,000 የማያንስ የአሴቲልኮሊን ሞለኪውል አለ። መልእክቱ ወደ ክሩ ሲሻገር የካልሲየም ጎተራዎች ይከፈታሉ። በዕረፍት ጊዜ በክሩ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከክሩ ውጭ ካለው ከ10,000 እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ጎተራው ሲከፈት መጠኑ ከ10 እጥፍ በላይ ያድጋል፤ የማዮሲን ራሶች መያዝ ይጀምራሉ። ከዚያ ፓምፖች ካልሲየሙን ለቅመው ወደ ጎተራው ይመልሱታል፤ ለሁለት ካልሲየም አንድ ኤቲፒ ይከፍላሉ።

የባት ጡንቻ አንድ ጊዜ ታዞ ጎትቶ እስኪለቅ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። ሕዋሱ በሰከንድ 20 ጊዜ ከተኮሰ ግን ትዕዛዝ የሚመጣው በየ50 ሚሊ ሰከንዱ ነው። ፓምፖቹ የመጀመሪያውን ካልሲየም ሳይጨርሱ ሁለተኛው ይደርሳል። ክሩ መልቀቂያ ጊዜ አያገኝም። የጡንቻው መጠጠር ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለስሌት ያህል ከ579ኙ 200ው ብቻ ለአንድ ደቂቃ በሰከንድ 20 ጊዜ ቢተኩሱ፣ 240,000 ትዕዛዝ ከሕብለ ሰረሰር ይወጣል። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከ1,900 በላይ ለሆኑ ክሮች ስለሚደርስ፣ በአንድ ደቂቃ ከ450 ሚሊዮን በላይ የክር ምት ይቆጠራል። የሚረጨው አሴቲልኮሊን ከ45 ትሪሊዮን ሞለኪውል በላይ ይሆናል። የሚጎትቱት ክሮች 386,800 ናቸው፤ በሐረሩ መንገድ ሲለካ ከ55 ኪሎ ሜትሩ 19 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ተጨምድዷል።

ሕዋሶቹ ሳይታዘዙ መተኮሳቸው በሚዛን መዛባት ይገለጻል። በአንዱ ሕዋስ ላይ ከ10,000 በላይ የሌሎች ነርቮች ጫፎች አርፈዋል፤ ገሚሶቹ ተኩስ፣ ገሚሶቹ ተው ይሉታል። በጡንቻው ውስጥ ያሉ መለኪያዎች ጡንቻው ሲለጠጥ ተኩስ የሚል መልእክት ይልካሉ። በጅማቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ጅማቱ ሲወጠር ተው ይላሉ፤ አንዱ የጅማት መለኪያ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ከ10 እስከ 20 ክሮችን ይጠብቃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በድመት ባት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ጡንቻ ሲደክም የመጀመሪያዎቹ እንደሚበረቱ፣ ሁለተኛዎቹ እንደሚደክሙ አሳይተዋል። ጡንቻው አጥሮ ባለበት ቦታ ሲታዘዝ ደግሞ ጅማቱ ስለሚላላ ተው የሚለው መልእክት ይሳሳል። ዳገት የዋለ ባት፣ ጣቶቹን ወደ ታች ቀስሮ የተኛ እግር፣ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ይገናኛሉ።

ዕድሜም ይቆጠራል። ከ60 ዓመት በኋላ አንቀሳቃሽ የነርቭ ሕዋሶች ቁጥራቸው እየቀነሰ ይሄዳል። የሞተው ሕዋስ ትቷቸው የሄደውን ክሮች በሕይወት ያለው ጎረቤቱ ይወርሳል። 1,900 ክር ያዝ የነበረ ሕዋስ ከዚያ የበለጠ ያዛል፤ አንዱ ሲሳሳት የሚሳሳተው ሥጋ ይበዛል።

መድኃኒቶቹም በቁጥር ተፈትነዋል። ማግኒዥየም በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሌሊት ክራምፕ እንደማይከላከል የተለያዩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ ታይቷል። የወባ መድኃኒት የነበረው ኩዊኒን የክራምፕን ብዛት በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የደም ሕዋሶችን ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ስለሚያጠፋ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1994 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጉዳይ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጥ ከለከለ።

ከሁሉ የሚገርመው ፈተና በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ሚለርና ባልደረቦቹ በላብ ውሃ የጎደላቸውን ሰዎች የእግር አውራ ጣት ጡንቻ በኤሌክትሪክ አሸማቀቁ። ከዚያ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ሒሳብ ኮምጣጤና ጨው ያለበት የኪያር መዘፍዘፊያ አጠጡ፤ ለ60 ኪሎ ሰው 60 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ውሃ ሲጠጡ ክራምፑ 134 ሰከንድ ያህል ቆየ። መዘፍዘፊያውን ሲጠጡ በ85 ሰከንድ ተፈታ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደማቸው ሲለካ ጨዉ አልተለወጠም ነበር። ፈሳሹ ከሆድ ወደ ደም ሳይገባ ጡንቻውን የሚያፍታታበት መንገድ ተብሎ የተገመተው ይህ ነው፤ አፍና ጉሮሮ ቀምሰው፣ በነርቭ በኩል ሕብለ ሰረሰር ላይ ላሉት ሕዋሶች ተው ብለው።

ከኮምጣጤው የሚፈጥነው ግን እጅ ነው። የተሸማቀቀ ሰው ጉልበቱን ዘርግቶ የእግሩን ጣቶች ወደ ራሱ ሲስብ ጅማቱ ይወጠራል። 1 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙት መለኪያዎች ተው የሚለውን መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱ 1 ሜትሩን መንገድ ለመውጣት ከአንድ ሰከንድ ሃምሳኛ ብዙም አይርቅም። ሕዋሶቹ አንድ በአንድ መተኮስ ያቆማሉ፣ ፓምፖቹ ካልሲየሙን ይለቅማሉ፣ የማዮሲን ራሶች ይለቃሉ። 20,000 ሳርኮሜር በተርታ እያንዳንዱ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ይመለሳል። ለዚህ ሁሉ ጡንቻው መርዘም ያለበት 1 ሴንቲ ሜትር ነው።